መልእክተኛ ሆኖ የጀመረው መምህር

ዕዳ የሚጠይቀኝ ሰው ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ራሰ በራ፣ ዓይኖቹ የፈጠጡ፣ ከንፈሩ ሊያለቅስ ይሁን ሊስቅ የማይታወቅ የስኮትላንድ ሰው ነው። እሱ እኔን አያውቀኝም፤ እኔም በአካል አይቼው አላውቅም። ታዲያ የፈረንጆች ገና በመጣ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቅ ይልና «አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ነገር ምን አደረስካት?» የሚለኝ ይመስለኛል። ነገሪቱን ቀስ ብዬ አነሳታለሁ። አስቀድሜ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ አላስቴር ሲም ይባላል።

የተዋወቅነው በቪዲዮ ካሴት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር አንድ ካርቶን ዕቃ ትቶልኝ ሄደ። መጻሕፍት አሉበት፣ ግማሽ ፓኬት ሻይ አለበት፣ ከሥር ደግሞ አንድ ካሴት አለ። ቻርልስ ዲከንስ ስለ ገና በዓልና ስለ ቋጣሪው ስክሩጅ የጻፈውን ታሪክ መነሻ አድርጎ በ1951 የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) እኔም መምህር ሲደክመው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ቴሌቪዥን ተውሼ ክፍል አስገባሁና «ዛሬ ሌክቸር የለም፣ ፊልም ነው» አልኳቸው።

ታዲያ ስክሩጅ ሦስተኛው መንፈስ ወስዶ የራሱን መቃብር ሲያሳየው መብራት ድርግም አለ። ተማሪዎቼ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀሩ። «ቲቸር፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ። ከመጽሐፉ ነገርኳቸው። አንዳቸውም አልረኩም። መጽሐፉን አንብቡ ብዬ ሁለት ወር ስወተውት ያልሰማኝ ክፍል፣ የዚያን ራሰ በራ መጨረሻ ካላየን ብሎ በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰበ። ዲከንስን ሳስተምር በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ተሳካልኝ፤ እሱንም ያሳካልኝ ሌላ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ነው ይሄ ሰውዬ ማነው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ባላነብ ይሻለኝ ነበር!

አላስቴር ሲም በ1900 ኤድንብራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጁ ትምህርቱን ቶሎ አቋርጦ ለአባቱ ተላላኪ ሆነ፤ የወንዶች ልብስ መደብር ውስጥም ሠራ። በ1918 ኬሚስትሪ ሊያጠና ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ወዲያው ለጦሩ ተጠራ። ጦርነቱ ግን ሳይዘምት አለቀለት። ከዚያ ለቤተሰቡ «እኔ ኬሚስትሪ አልፈልግም፣ ተዋናይ ነው የምሆነው» አላቸው። የዚያ ዘመን የኤድንብራ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ለመገመት ስኮትላንዳዊ መሆን አያስፈልግም፤ ሐበሻ መሆን ይበቃል። ልጁም ቤቱን ጥሎ ወደ ደጋው አገር ወጣና ከቀን ሠራተኞች ጋር እየዞረ አንድ ዓመት ያህል ኖረ። ሲመለስ የማዘጋጃ ቤት ግብር ገማቾች ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ።

ምሽት ምሽት ግን ግጥም ማንበብ ይማር ነበር። በውድድር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ ከዚያም ራሱ የንግግር ጥበብ ማስተማር ጀመረ። በ1925 ኒው ኮሌጅ በሚባለው የኤድንብራ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ምን መሰላችሁ? የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣት ሰባክያን ምስባክ ላይ ቆመው እንዴት እንደሚናገሩ ማስተማር ነው። የት እንደሚተነፍሱ፣ የት ድምፅ እንደሚጥሉ፣ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ያንቀላፋውን ምእመን እንዴት እንደሚቀሰቅሱት። ቀጥ ያለ፣ የተከበረ፣ ደመወዙ በወሩ የሚገባ ሥራ። አምስት ዓመት ሠራበት።

በ1930 ተወው። ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፤ በሙያው የሠራበት አንድም መድረክ የለም። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ድሪንክዎተር ረዳውና ለንደን ሳቮይ ቴአትር ሥራ አገኘ። ተውኔቱ «ኦቴሎ» ነው። ኦቴሎን የሚጫወተው አሜሪካዊው ጥቁር ዘፋኝና ተዋናይ ፖል ሮብሰን፣ ዴዝዴሞናን የምትጫወተው ገና የሃያ ሁለት ዓመቷ ፔጊ አሽክሮፍት። ጥቁር ተዋናይ በለንደን ትልቅ መድረክ ኦቴሎን ሲጫወት ማየት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ጋዜጣው ሁሉ ስለ ሮብሰን ይጽፋል። መምህር ሲምስ? መምህር ሲም መልእክተኛ ነው። ገብቶ መልእክቱን ይናገራል፣ ይወጣል። በቃ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው የአማርኛው «ኦቴሎ» ውስጥም ያ መልእክተኛ አለ። እስኪ ማን ተጫወተው በሉ? አታስታውሱትም። እኔም አላስታውሰውም።

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። በዚሁ በሰላሳ ዓመቴ አካባቢ አንድ አዘጋጅ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ለአንድ ተውኔት ያንተ ድምፅ ያስፈልገኛል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሳልዋሽ ልቤ ዘለለች። ልጅ ሆኜ ከሬዲዮ ሥር ተኝቼ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጉዱ ካሣን በጉዱ ካሣ ድምፅ፣ ፊታውራሪን በፊታውራሪ ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲናገር መጀመሪያ የምሰማው ድምፁን ነው። «ሚናው ምንድነው?» አልኩት። «ደብዳቤ ይዞ የሚገባ ሰው ነው፤ አራት መስመር አለው» አለኝ።

አራት መስመር! ማስተርስ ይዤ፣ ክራባት አስሬ፣ «ዘመናዊ ድራማ» የሚባል ኮርስ እያስተማርኩ፣ ተማሪዎቼ ፊት ደብዳቤ ተሸክሜ ልገባ! «ጊዜ የለኝም» አልኩት። ጊዜስ ነበረኝ። ያቺን ሴሚስተር ከሰዓት በኋላውን ካፌ ተቀምጬ ስለ ቴአትር መውደቅ ሳማርር ነው ያሳለፍኳት።

አሁን ወደ ሰውየው። እንግሊዞች «ካራክተር አክተር» የሚሉት ዓይነት ተዋናይ አለ። መልከ መልካም አይደለም፤ ልጅቷን የሚያገባው እሱ አይደለም፤ በማስታወቂያው ላይ ፊቱ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ሌላ ሰው ነው። አጎት ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል፣ መርማሪ፣ ሐኪም፣ ቄስ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ይሆናል። ከሲኒማ ቤት ወጥታችሁ ግን መንገድ ላይ የምታስመስሉት እሱን ነው።

ሲም ከመልእክተኛነቱ በኋላ ኦልድ ቪክ ገብቶ ሼክስፒርን ተጫወተ፤ በ1935 ፊልም ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የረባ ነገር አልሰጡትም። ዓይኑን እያፈጠጠ የሚደናገር የፖሊስ ሃምሳ አለቃ፣ ጋዜጠኛ፣ አጭበርባሪ። ብዙዎቹ ፊልሞች ዛሬ የሚያያቸው የለም፤ ቢኖርም ለእሱ ሲል ነው።

በ1946 በተሠራው «ግሪን ፎር ዴንጀር» ግን ሰውየው ተገለጠ። በጦርነቱ ዘመን፣ ቦምብ ከሰማይ በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ የገጠር ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ይሞታል፤ ሲም መርማሪ ሆኖ ይመጣል። በራሱ በጣም የሚደሰት መርማሪ ነው። አንድ ትዕይንት አለች፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ የወንጀል ልቦለድ ያነባል፤ ገዳዩን እንዳወቀው ሆኖ ፈገግ ይላል፤ ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል። ተሳስቷል! ፊቱ ላይ ያቺ ፈገግታ እንዴት እንደምትሞት ማየት ነው። አንድም ቃል የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር ስለ «ገጸ ባሕርይ አሳሳል» የሰጠሁት ማስታወሻ ሁሉ ተጠቅልሎ ያቺን አሥር ሰከንድ አይሆንም።

በ1950 ደግሞ የወንዶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በስህተት የሴቶች ትምህርት ቤትን አምጥቶ እሱ ግቢ ያሰፍርበታል። ሁለቱ ርዕሳነ መምህራን፣ እሱና ማርጋሬት ራዘርፎርድ፣ አንዱ ሌላውን ለማባረር ይታገላሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስህተት ግን እየባሰ እንጂ እየታረመ አይሄድም። (ለአገራችን አንባቢ ይህንን ማብራራት አያስፈልግም።) በ1954 ቀሚስ ለብሶ፣ ሐብል አጥልቆ የሴንት ትሪኒያንስ የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነ፤ በዚያው ፊልም የዳይሬክተሯን ወንድምም እሱው ነው የተጫወተው። ወንድ ቀሚስ ሲለብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀው ቀሚሱ ነው። እሱ ላይ ቀሚሱን ትረሱታላችሁ። የምታዩት ገንዘብ ያለቀባት፣ ክብሯን ግን ያልጣለች አንዲት እትዬ ነች።

ድምፁ! ስለ ድምፁ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። እንደሚያለቅስ ሰው ይጀምርና መሃል ላይ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ልክ እንደ ሰባኪ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአንዲት ተራ ቃል መጨረሻ ላይ ቆሞ ሲጎትታት ቃሏ ከዚያ በፊት ያላወቅነው ትርጉም ታወጣለች። ይሄ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሰባክያንን «የት ትተነፍሳለህ?» ሲል የኖረ መምህር ድምፅ ነው። ማስተማሩን ተወው አልኩ እንጂ ይዞት ነው የወጣው።

መድረኩንም አልተወም። ጄምስ ብራይዲ የሚባል የግላስጎው ሐኪምና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ የሁለቱ ወዳጅነት ከተዋናይና ከደራሲ ያለፈ ነበር። ሲም ተውኔቶቹን ያዘጋጃል፣ ይጫወትባቸዋል። በ1943 ያቀረቡት «ሚስተር ቦልፍሪ» በአንድ የደጋ አገር ቄስ ቤት ሰይጣን ራሱ እንግዳ ሆኖ ስለሚመጣበት ሌሊት ነው። የሰባክያን መምህር የነበረው ሰው እዚህ ተውኔት ላይ ልቡ መውደቁ አይገርምም።

በ1940 ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣ፤ ይኸኛው ሰይጣን አልነበረም። ጆርጅ ኮል የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት የለንደን ድሃ ልጅ፣ በማደጎ ያደገ፣ ከሲም ጋር ተውኔት ላይ ይሠራል። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሲምና ባለቤቱ ናኦሚ ልጁን ወደ ገጠር ቤታቸው ወሰዱት። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የገባ ልጅ ዓመታት ኖረ፤ ትዳር ይዞ ሲወጣም ቤት የሠራው እዚያው አጠገባቸው ነው። ሲም የልጁን የሰፈር አነጋገር ገራለት፣ ሙያውን አስተማረው። በርካታ ፊልሞች አብረው ሠሩ። በ«ስክሩጅ» ፊልም ውስጥ ወጣቱን ስክሩጅ፣ ገና ልቡ ያልደነደነውን የሚጫወተው ማን ይመስላችኋል? ጆርጅ ኮል ነው። ተማሪው የመምህሩን ወጣትነት ተጫወተ። ኮል ከጊዜ በኋላ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታወቁት ፊቶች አንዱ ሆኖ በ2015 አረፈ።

ሲም ክብር ሲመጣ የሚሸሽ ሰው ነበር። ፊርማ ለሚጠይቁት አድናቂዎች አይፈርምም፤ ቃለ መጠይቅ አይወድም። በመንግሥት የሚሰጠውን የሲ.ቢ.ኢ. ኒሻን በ1953 ተቀበለ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ሰር» እንበልህ ሲሉት ግን እምቢ አለ። አንድ ሹመት ብቻ ሳይጠላ የወሰደ ይመስለኛል። በ1948 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬክተር እንዲሆንላቸው መረጡት። 2,078 ድምፅ አገኘ፤ ተፎካካሪው 802 ነበር። ተፎካካሪው ማን ነው? ሃሮልድ ማክሚላን፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። ኬሚስትሪውን ጥሎ የወጣው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ሬክተር ሆነና ለተማሪዎቹ ስለ ሞኝነት ንግግር አደረገ፤ እሱ ራሱ ሞኝ መሆኑን ካወቀ ጀምሮ ደስተኛ መሆኑን ነገራቸው።

እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ አንድ ተማሪ ነው።

የመብራቱ ቀን ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር። በሳምንቱ ፊልሙን ስንጨርስ፣ ስክሩጅ የገና ጠዋት ነቅቶ በሕይወት መኖሩን ሲያውቅ እንደ ሕፃን የሚቦርቅበትን፣ በአናቱ የሚቆምበትን፣ የቤት ሠራተኛዋ አበደ ብላ እየጮኸች ደረጃውን የምትወርድበትን ትዕይንት ያ ልጅ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተነስቶ ደገመው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነው፤ አሳሳቁን በትክክል ይዞታል። ያ ሳቅ መሃሉ ላይ ለቅሶ አለበት።

አራተኛ ዓመት ሲደርስ ቢሮዬ መጣ። ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚያሳይ የቴአትር ቡድን ሊወስደው ይፈልጋል፤ ባንክ ደግሞ ፈተና አልፏል። «ቲቸር፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። ደብዳቤ ተሸክሜ አልገባም ባልኩ በዓመቱ ነው። «መጀመሪያ እንጀራህን አብስል፤ ቴአትር የትም አይሄድም» አልኩት። ጥሩ ምክር ይመስላል አይደል? ብዙ አባት ይህንኑ ይላል፤ ስህተት ነውም አልልም፤ ቡድኑ ኋላ ተበትኗል። ግን ያን ቀን እኔ ያሰብኩት የእሱን እንጀራ አልነበረም። እሱ ሄዶ ቢሳካለት እኔ ምን ልባል ነው ብዬ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ ጥግ ሰዎች ከበውታል፤ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያደረጉትን በራሳቸው ድምፅ ይተርካል፤ ሰው በነጠላው አፉን ይዞ ይስቃል። ቀረብ አልኩ። ሸምግሏል፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። አየኝና ብድግ አለ። «ቲቸር! ያ በአናቱ የቆመው ሽማግሌ ትዝ ይልዎታል?» አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። እኔም ቤቴ ና አልኩት።

የፈረንጆቹ ገና ዕለት መጣ። ካሴቱ ከሻገተ ቆይቷል፤ ልጄ ከኮምፒዩተሯ ከፈተችልን። ይህ ፊልም ሲወጣ የኒው ዮርኩ ሬዲዮ ሲቲ ሚዩዚክ ሆል ለበዓል የሚሆን ደስታ የለውም ብሎ መልሶት እንደነበር፣ ከዓመታት በኋላ ግን በአሜሪካ ቴሌቪዥን እየታየ የገና ባህል እንደሆነ ነገርኩት። በ1971 በተሠራው የካርቱን ቅጂም ስክሩጅን በድምፁ የተጫወተው ሲም መሆኑን፣ ካርቱኑም ኦስካር ማግኘቱን ጨመርኩ። የሚያስጨንቅ ነገር ሲኖርብኝ መረጃ አበዛለሁ።

ከዚያ ያችን ነገር ነገርኩት። «የዚያን ቀን የመከርኩህ ለአንተ አስቤ አልነበረም» አልኩት።

ዝም ብሎ ፊልሙን አየ። ቆይቶ «ቲቸር፣ እርስዎ ባይሉኝም አባቴ ይሉኝ ነበር» አለ። ይቅር ብሎኛል ማለት ይሁን፣ ተወው ማለት ይሁን አላወቅሁም።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ስክሩጅ ለዓመታት ያስቀየመው የእህቱ ልጅ ቤት ይሄዳል። ውስጥ ሙዚቃ አለ። በሩ ላይ ይደርስና ይፈራል፤ ያ ሁሉ መንፈስ ያልቻለውን ፍርሃት ነው የሚፈራው። በር የከፈተችለት ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ አይዞዎት ይግቡ በሚል ዓይን ታየዋለች፤ በራሷ ንቅናቄ ታበረታታዋለች። ይገባል።

«አቁሚልኝ፣ ወደ ኋላ መልሽው» አላት ልጄን። መለሰችው። ሠራተኛዋን አየ፤ እንደገና አስመለሰው።

«ስንት ደቂቃ ነው የምትታየው?» አለ።

«አንድ ደቂቃም አይሞላም።»

ተነሳ፤ ጃኬቱን አስተካከለ፤ ሳሎኔ በር ላይ ሄዶ ቆመና ወደ እኔ ዞሮ ራሱን እንደዚያች ልጅ ነቀነቀልኝ። ልጄ ሳቀች። እሱም እየሳቀ «እቺን እኮ እሠራት ነበር፣ ቲቸር» አለኝ።